ስለ ጉልበት ሕመም፥ ስለ ኮላጅንና ስለ ልጅ ክንድ

በቋንቋችን ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው በጭንና በቅልጥም መካከል ያለው የአካል መገጣጠሚያ ነው፤ ሁለተኛውም ኀይል፥ ብርታት፥ ሠርቶ የማደር አቅም ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም የጠሩት ያለ ምክንያት አይመስለንም። የሰው ብርታቱ የሚታወቀው በጉልበቱ ነው፤ ድካሙም አስቀድሞ የሚገለጠው በጉልበቱ ነው። በግእዝ ጉልበት ብርክ ይባላል፤ ተንበረከከ የምንለው ቃል ከዚሁ የወጣ ነው፤ ባረከና ቡራኬ የሚሉትም ቃላት የዚሁ የፊደል ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ጉልበት ለሥራ ብቻ ሳይሆን ለስግደትና በረከትን ለመቀበልም የተሰጠ አካል መሆኑን ቋንቋው ራሱ ያስተምረናል።

እንግዲህ ጉልበቱን የታመመ ሰው የሚጐድልበት አንድ መገጣጠሚያ ብቻ አይደለም። ወደ ገበያ የሚሄድበት፥ ጎረቤቱን የሚጠይቅበት፥ ለቅሶ የሚደርስበት፥ በቅዳሴ የሚቆምበትና በጸሎት የሚሰግድበት ኀይል አብሮ ይጐድልበታል። ሕመሙም የጥቂቶች አይደለም። በአጥንትና በአጥንት መካከል እንደ ትራስ ሆኖ የተነጠፈው ልም አጥንት እየሳሳ የሚሄድበትን ሕመም ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህም 365 ሚሊዮን ያህሉ የታመሙት ጉልበታቸውን ነው። ከመቶው 73ቱ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ነው፤ ከመቶው 60ው ሴቶች ናቸው። እነዚህም እናቶቻችን ናቸው።

በልደታ ክፍለ ከተማ በሜክሲኮ አደባባይ የሚመላለስ ሰው ይህን ሕመም በዓይኑ ያየዋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው የከተማ ባቡር ለመሳፈር በደረጃው የሚወጡ አረጋውያን ብረቱን ተደግፈው አንድ ጊዜ ይወጣሉ፥ አንድ ጊዜ ያርፋሉ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ለማርያምን ለመሳለም የሚሄዱ እናቶች መንገድ ዳር አረፍ እያሉ ነው የሚደርሱት። በዚያው ከተማ በመድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ኮላጅን የተባለው ነገር በዱቄት፥ በእንክብልና በፈሳሽ ሆኖ፥ ለመገጣጠሚያና ለልም አጥንት ይበጃል ተብሎ ይሸጣል። ከአሜሪካ፥ ከአውሮፓና ከዐረብ አገሮች የሚመጡ ልጆችም ለእናትና ለአባታቸው በሻንጣቸው ይዘውት ይገባሉ።

ስለዚህ ነገር ከምእመናን የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው፥ እግዚአብሔር የፈቀደውን የእርጅና ድካም በመድኃኒት ለመመለስ መድከም ከእምነት መጉደል አይሆንም ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ነገሩ እውነት ይጠቅማል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው የሚል ነው። ሦስተኛውም፥ በጾም ጊዜ ሊወስዱት ይገባል ወይ የሚል ነው። እኛም በሦስቱ ላይ የምናስበውን ከተናገርን በኋላ፥ ማንም ያልጠየቀንን፥ ነገር ግን ከሦስቱም የሚበልጥ የሚመስለንን አራተኛ ጥያቄ እናነሣለን።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ኮላጅን በሰውና በእንስሳት አካል ውስጥ የሚገኝ፥ ቆዳን፥ ጅማትን፥ አጥንትንና ልም አጥንትን አያይዞ የሚያጸና ፕሮቲን ነው። በሰውነታችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ሁሉ ሲሦ ያህሉ እርሱ ነው። ስሙ የመጣው ሙጫ ማለት ከሆነው የጽርእ ቃል ነው፤ የእንስሳ ቆዳና አጥንት ሲቀቀል ሙጫ ይወጣዋልና። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስሙን ሳናውቅ ነገሩን በእጃችን ይዘን ኖረናል። ዳዊታችንና ወንጌላችን የተጻፈበት ብራና፥ የፍየልና የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፥ ተወጥሮና ተፍቆ የሚሠራው፥ አብዛኛው ኮላጅን ነው። ማሕሌት የሚቆምበት ከበሮ የሚለጐምበት ቆዳም እንዲሁ ነው። በመቶ በሚቈጠሩ ዓመታት ሳይበጠስ የኖረው ብራና የዚህን ነገር ጽናት ይመሰክራል።

በመደብር የሚሸጠው ግን ብራና አይደለም። የከብት፥ የአሣማ ወይም የዓሣ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ፥ እንደገናም በልዩ ብልኀት ተቈራርጦ፥ በውኃ የሚሟሟ ዱቄት ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ብዙ ጊዜ በቀን 10 ግራም ያህል ይወሰዳል። ሌላም ዓይነት አለ፤ እርሱ ከዶሮ የደረት ልም አጥንት ሳይቀቀል የሚወጣ ሲሆን በቀን 40 ሚሊግራም ብቻ ይወሰዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የተበላ ሁሉ በቀጥታ ወደ መሰሉ አካል አይሄድም። የበሬ ልብ የበላ ሰው ልበ ሙሉ አይሆንም፤ ምላስ የበላም አንደበቱ ርቱዕ አይሆንም። ኮላጅንም ሲዋጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን በሆድና በአንጀት ውስጥ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉት ጥቃቅን ክፍሎች ይለወጣል፤ ጥቂቱም ሁለት ሦስት ክፍል ሆኖ እንደ ተያያዘ ወደ ደም ይገባል። ሰውነት ከፈረሰ ቤት ድንጋይ የመጣለትን ግንበኛ ይመስላል። ድንጋዩን የሚያኖረው ባለቤቱ በተመኘው ግድግዳ ላይ ሳይሆን እርሱ ባስፈለገው ቦታ ነው። ስለዚህ የጠጣነው ዱቄት ተጕዞ በጉልበታችን ላይ ይለጠፋል ማለት አይቻልም።

ታዲያ ፈጽሞ አይጠቅምም ልንል ነውን? እንዲህም ማለት አይገባንም፤ እውነት በሁለቱም ወገን ትጠበቃለችና። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ147 ስፖርተኞች ላይ ለ24 ሳምንታት የተደረገ ጥናት ኮላጅን የወሰዱት ሕመማቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደ ቀለለ ጽፏል። ይህን የመሰሉ ሌሎች ትናንሽ ጥናቶችም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን በአምራቾቹ ገንዘብ የተደረጉ ናቸው። በአንጻሩ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ማስረጃውን መርምሮ፥ ኮላጅን መውሰድና የመገጣጠሚያ ጤንነት የምክንያትና የውጤት ግንኙነት እንዳላቸው አልተረጋገጠም ብሎ ወስኗል። እንግዲህ ዛሬ በቅንነት ሊባል የሚቻለው፥ ለአንዳንድ ሰው ሕመምን ጥቂት ያቀል ይሆናል፤ ያለቀን ልም አጥንት መልሶ ያበቅላል የሚለው ግን አልተረጋገጠም የሚል ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ምርመራ አለ፤ ለሥነ ምግባር ትምህርት የሚሆን ነገር ስላለበት እንጠቅሰዋለን። ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን የተባሉት ለመገጣጠሚያ የሚሸጡ ነገሮች በአሜሪካ ጉልበታቸውን በታመሙ 1,583 ሰዎች ላይ ተፈትነው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። በጠቅላላው ሲታይ ነገሮቹ ምንም መድኃኒትነት ከሌለው ማስመሰያ እንክብል ይህን ያህል አልበለጡም። የሚያስደንቀው ግን ማስመሰያውን ከወሰዱት ከመቶው 60 ያህሉ ሕመማቸው እንደ ቀለለላቸው መናገራቸው ነው። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም። ሕመም አንዳንዴ በራሱ ይቀንሳል፤ ተስፋም ሕመምን ያስታግሣል። ስለዚህ አንዲት እናት ‹‹እኔን አድኖኛል›› ብትል ቃሏን በውሸት አንቈጥርም፤ ነገር ግን ሻጩ የእርሷን ቃል ይዞ ለሺህ ሰው ማስረጃ ሊያደርገው አይገባውም።

ነገሩ ከታወቀ ዘንድ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ለጉልበት መድኃኒት መፈለግ እምነትን ያጐድላልን? አያጐድልም። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ የመዳኑን ቃል ነገረው፤ ከዚያው ጋር በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ምክር ሰጠው እንጂ፥ እምነትህ ጐድሏል ብሎ አልወቀሰውም። ሩኅሩኁ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው ባገኘው ጊዜ ዘይትና ወይን ይዞ ነበር። መጽሐፈ ሲራክም ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያስተምረናል። ስለዚህ ጸበል የሚጠጣ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት መተው አለበት የሚል ሰው፥ ከእነዚህ አባቶች ትምህርት የራቀ ነው። ጸበሉንም መድኃኒቱንም የፈጠረ አንድ ነውና።

ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ የአካልን ድካም እንደምትረዳ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የካህናቱን መቋሚያ ማየት ይበቃል። መቋሚያ ምሥጢራዊ ትርጓሜ አለው፤ ዳሩ ግን በመጀመሪያ ነገር ሌሊቱን ሙሉ በማሕሌት የሚቆም ሰው የሚደገፍበት እንጨት ነው። ቁሙ ያለችው ቤተ ክርስቲያን መደገፊያውን ሰጠች። ስገዱ ያለችውም በበዓለ ኀምሳ ቀኖች ከስግደትና ከጾም ታሳርፋለች። ድካማችንን ሳታውቅ ያዘዘችን ሥርዐት የለም።

ምናልባት በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት እግራቸው እስኪሰበር ቆመዋል፤ ጥር 24 ቀን የስባረ አጽማቸውን በዓል እናከብራለን፤ ታዲያ እኛ ጉልበታችን ስላመመን ዱቄት ስንፈልግ አናፍርምን? ይህን የሚሉ ሰዎች መንፈሳዊ ቅንዐት አላቸው። ነገር ግን አንድ ልዩነት ዘንግተዋል። ጻድቁ የሰጡት የራሳቸውን እግር ነው። በፈቃዳቸው፥ በፍቅር፥ ማንም ሳያስገድዳቸው ሰጡት። የጎረቤታቸውን እግር ግን መሥዋዕት አድርገው አላቀረቡም። የራስን ሕመም መታገሥ ትዕግሥት ነው፤ የሌላውን ሕመም መታገሥ ግን ጭካኔ ነው። አንድ ሰው ስለ እግዚአብሔር ብሎ የራሱን ሕመም በምስጋና ቢሸከም እናከብረዋለን። እናቱን ግን ‹‹ታገሺ፥ ጻድቁም ቆመዋል›› ብሎ ሳያሳክም ቢያኖራት፥ የጻድቁን ስም ለስንፍናው መሸፈኛ አድርጎታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ እውነትና ስለ ንግድ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በፓሪስ ከተማ ከሆነው ነገር ብዙ መማር ይቻላል። በዚያ ዘመን ዳርሴ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከአጥንት የሚወጣው ጄላቲን፥ ማለት የተቀቀለው ኮላጅን፥ የድኾችንና የሆስፒታል ሕመምተኞችን ምግብ ሊተካ ይችላል ብሎ አስፋፋው። ሥጋ ውድ ነበረ፤ አጥንት ርካሽ ነበረ፤ ሐሳቡም የቸርነት መልክ ነበረው። በመጨረሻ ማዣንዲ የተባለው ሐኪም የመራው የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ጉባኤ ነገሩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1841 ውጤቱን ገለጠ፤ ጄላቲን ብቻውን ሕይወትን አያኖርም። ምክንያቱም በኋላ ታወቀ፤ ሰውነት ከምግብ ማግኘት ከሚገባው አሚኖ አሲድ አንዱ፥ ትሪፕቶፋን የተባለው፥ በኮላጅን ውስጥ የለም። ድኻው ምግብ አገኘሁ ብሎ ሲጠጣ የኖረው ረኀቡን የሚሸፍን ሾርባ ነበር። አሳቡ መልካም ስለ ሆነ ብቻ አንድ ነገር እውነት አይሆንም።

በአገራችን አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ለወለደች ሴት የአጥንት መረቅ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ድካምን ያበረታል፤ ዋጋው የታወቀ ነው፤ የሚሰጠውም ዘመድ ነው። መረቅ የሰጠች አክስት ጉልበትሽ እንደ ልጅነትሽ ይሆናል ብላ አትምልም። በሚያምር ዕቃ የተዘጋው ዱቄት ግን ብዙ ጊዜ ከመሐላ ጋር ይሸጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው ተጨማሪ ምግብ ከመሸጡ በፊት ፈዋሽነቱን ማስመስከር ግዴታ የለበትም፤ ስለ ጥቅሙ በዕቃው ላይ ከተጻፈ ግን፥ በሽታን ለማዳን የተዘጋጀ አለመሆኑ አብሮ መጻፍ አለበት። እንግዲህ ዕቃው ራሱ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አላድንም ይላል፤ ሻጩ በአማርኛ ያድናል ይላል። ፊደሉን ማንበብ የማትችለው እናት የምትሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው። መጽሐፍ ሐሰተኛ ሚዛንን የሚጠላው እህልን በማጕደሉ ብቻ አይደለም፤ ያመነውን ሰው በማታለሉ ነው። ቃልም ሚዛን አለው።

ከዚህ የከፋም አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 አርትሪ ኪንግ በሚል ስም ለመገጣጠሚያ ሕመም በሚሸጥ እንክብል ውስጥ በዕቃው ላይ ያልተጻፉ ዴክሳሜታሶንና ዲክሎፌናክ የተባሉ ብርቱ መድኃኒቶች እንዳገኘ አስታውቆ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። የወሰደው ሰው ሕመሙ በፍጥነት ይጠፋለታል፤ ተፈጥሮ አዳነኝ ብሎም ያመሰግናል። ሳያውቀው ግን ስኳሩን የሚያስነሣ፥ ጨጓራውንና ኩላሊቱን የሚጐዳ፥ በድንገት ሲቋረጥም አካልን የሚያናጋ ነገር እየዋጠ ነው። ስለዚህ ተአምር የሚመስል ፍጥነት ሲታይ ከመደሰት አስቀድሞ መጠንቀቅ ይገባል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ምግብንና መድኃኒትን የሚቈጣጠር ባለሥልጣን አለ። መዝገቡን ሳይጠይቁ ከመንገድ ዳር ወይም ከማያውቁት ሰው ሻንጣ መግዛት አይገባም።

ለሚገዛውም ሰው የምንለው አለን። ያለውን አትርፎ የሚገዛ ሰው ቢሞክረው አንነቅፈውም። ነገር ግን የቤት ኪራይዋን ወይም የዕለት ምግብዋን ቀንሳ የምትገዛ እናት፥ ባልተረጋገጠ ነገር የተረጋገጠውን እያጣች ነው። ሰውነታችን ኮላጅንን ራሱ ይሠራል፤ የሚሠራበትንም ከሽሮ፥ ከምስር፥ ከባቄላና ከሌላውም ምግብ ያገኛል። ለዚህ ሥራ ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም ድዳቸው የሚደማና ጉልበታቸው የዛለ መርከበኞችን ብርቱካንና ሎሚ አብልቶ ሲሻላቸው አየ። የእነዚያ ሰዎች ሕመም ኮላጅን በሚገባ ባለመሠራቱ የመጣ ነበረ። ሎሚና ቃሪያ ከማንኛውም ጉልት ይገኛሉ፤ የጾምም ምግብ ናቸው።

ሦስተኛው ጥያቄ የጾም ነው። በዚህ ላይ ነገሩ ግልጥ ሊሆን ይገባል። ኮላጅን ከዕፀዋት አይገኝም። ዱቄቱ ነጭ፥ ሽታውም የሎሚ ወይም የእንጆሪ ቢሆን፥ ምንጩ እንስሳ ነው። በዕቃው ላይ ቦቫይን የሚል ቃል ቢገኝ ከከብት፥ ፖርሳይን ቢል ከአሣማ፥ ማሪን ቢል ከዓሣ የወጣ ነው። የእንክብሉ ሽፋንም ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው። የዕፀዋት ኮላጅን ተብለው የሚሸጡትም አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ኮላጅን ለመሥራት የሚጠቀምባቸው ነገሮች እንጂ ኮላጅን አይደሉም። ስለዚህ ከአሣማ ሥጋ የሚርቅ ምእመን ሳያነብ እንዳይገዛ፥ ጿሚውም ሳያውቅ እንዳይወስድ ያስፈልጋል።

ታዲያ በጾም ይወሰዳልን? የቅዱስ ሲኖዶስን ቦታ ይዘን ፍርድ አንሰጥም፤ የአባቶችን መንገድ ግን እናስታውሳለን። ቀኖና ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ይራራል። ሐኪም ለሕመም ያዘዘው መድኃኒት፥ ሽፋኑ ጄላቲን ቢሆንም እንኳ፥ ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ ሊያቋርጠው አይገባም፤ ለንስሐ አባቱ ነግሮ ይውሰደው። ኮላጅን ግን ሐኪም ካላዘዘው ተጨማሪ ምግብ ነው፤ ምግብ ከሆነም የጾም ሕግ ይመለከተዋል። 55 ቀን የዐቢይ ጾም ቢተዉት ነፍስንም ሥጋንም የሚጐዳ ነገር የለውም። ይህን ስንል በድብቅ የወሰደችውን እናት ለማስደንገጥ አይደለም። ሕመም ያለበት ሰው በጭንቀት ላይ ጭንቀት አይጨመርበትም፤ ለንስሐ አባቷ ትንገር፥ እርሱም እንደ አባት ይምከራት።

አሁን ማንም ወዳልጠየቀን አራተኛ ጥያቄ ደርሰናል። ይኸውም፥ ዱቄቱን ለእናቱ የላከ ልጅ የልጅነቱን ዕዳ ከፍሏልን የሚል ነው።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጕዕ ይባላል። በዚያ ቀን 38 ዓመት በአልጋ የኖረውን ሰው እናስባለን። በዚያ ሰው ታሪክ ውስጥ የሚያስደነግጠን አንድ ነገር አለ። መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። መጠመቂያው በፊቱ ነበረ፤ ውኃው ይናወጥ ነበር፤ ሌሎች ሲድኑ ያይ ነበር። ጌታችን ሊድን ይወድድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ያመለከተው የመድኃኒት እጦት አይደለም፤ የሰው እጦት ነው። ወደ ውኃው የሚያወርደው ክንድ አልነበረውም። ዛሬም በብዙ ቤት መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ ሞልቶ ሰውየው የለም። ሦስት አራት ዕቃ ኮላጅን የተደረደረበት ቤት ውስጥ ደረጃውን የሚያወርዳት ሰው አጥታ ከቅዳሴ የቀረች እናት ትገኛለች።

በባዕድ አገር የሚደክሙትን ልጆች ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንለው። ብዙዎቹ በሌሊትና በቀን ሠርተው ከራሳቸው ጕሮሮ ቀንሰው ይልካሉ፤ መላካቸውም ፍቅር ነው። ነገር ግን ዕቃ የክንድ ተጨማሪ እንጂ ምትክ እንዳይሆን ማሰብ ይገባል። ሩቅ ያለ ልጅ በአካል መድረስ ባይችል፥ የዱቄቱን ዋጋ ከፍሎ እናቱን በሳምንት ሁለት ቀን ደግፎ የሚያስኬዳት የአጎት ልጅ ወይም የሰፈር ወጣት ማግኘት ይችላል። ቅርብ ያለው ልጅ ግን ምን ምክንያት አለው?

ይህም ስለ ፍቅር ብቻ የተነገረ ምሳሌ አይደለም፤ የአካልም ሥርዐት እንዲሁ ነው። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ይህም የሚሆነው ጉልበት ሲንቀሳቀስ፥ እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ነው። የማይንቀሳቀስ ጉልበት ይራባል። ስለዚህ ሐኪሞች ለጉልበት ሕመም አስቀድመው የሚያዝዙት በመጠን መንቀሳቀስን፥ የጭንን ጡንቻ ማጠንከርንና የበዛ ክብደትን መቀነስን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ አንድ ኪሎ ክብደት የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም ያወርዳል። ጉልበቱ ያበጠ፥ የሚያቃጥል ወይም ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

እንግዲህ ልጅ እናቱን ክንዷን ይዞ ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያን ቀስ ብሎ ቢያስኬዳት፥ ዱቄቱ የሚያደርገው ይሁን አይሁን ያልታወቀውን፥ ልም አጥንቷን የመመገብን ሥራ፥ በእርግጥ እያደረገ ነው። ሰው አጣሁ የሚለውንም ልቧን ይፈውሳል። ቅዱስ ጴጥሮስ በመቅደስ በር የተቀመጠውን አንካሳ በክርስቶስ ስም ተነሥ ሲለው በቃል ብቻ አልተወውም፤ በቀኝ እጁ ይዞ አነሣው፤ በዚያን ጊዜም ቍርጭምጭሚቱ ጸና። ተአምሩ የእግዚአብሔር ነው፤ እጁ ግን የሰው ነበረ።

ቤተ ክርስቲያንም የራስዋ ድርሻ አላት። በየአጥቢያችን ለአረጋውያን የሚቀመጡበት በቂ አግዳሚ ይኑር፤ ደረጃ ባለበት መደገፊያ ይሠራ፤ መስገድ ያልቻሉት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቢሰግዱ እግዚአብሔር እንደሚቀበላቸው ካህናት ደጋግመው ያስተምሩ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያሉ ወጣቶችም በየሰፈራቸው ብቻቸውን የቀሩትን አረጋውያን ደግፎ ማምጣትን እንደ ዝማሬው ሁሉ አገልግሎት አድርገው ይቍጠሩት። በባቡርም ቦታ የሚለቅ ወጣት ትንሽ ነገር ያደረገ አይምሰለው።

ሜክሲኮ አደባባይ ይህን ስም የያዘው በከንቱ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ብርቱዎቹ መንግሥታት ብዙዎቹ ለወራሪው እጅ ሲሰጡ፥ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበረ። የሜክሲኮ ሕዝብም በዋና ከተማው በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አለው። ሩቅ የሆነ ሕዝብ ጉልበት ላነሰው ሕዝብ ስለ ቆመ ስሙ በመንገዳችን ላይ ተጽፎ ይኖራል። በዚህ አደባባይ በየዕለቱ የምናልፍ እኛ፥ ከጎናችን ጉልበቷ ከድቷት ብረቱን ይዛ የቆመችውን እናት አልፈን ብንሄድ፥ የአደባባዩ ስም ራሱ ይወቅሰናል።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፥ ጉልበታችሁን የታመማችሁ መድኃኒት መፈለግ አያሳፍራችሁ፤ ሳታረጋግጡም ገንዘባችሁን አትስጡ። የምትሸጡ፥ ከምታውቁት በላይ አትናገሩ። የምትልኩ ልጆች፥ ከዕቃው ጋር ክንድ ላኩ። ጉልበት የጸናለት ሁሉ ለራሱ ብቻ የተሰጠው አይምሰለው፤ ዛሬ ለሌላው ያበደረውን ነገ በእርጅናው ከሌላው ይቀበላልና። የደከሙትን የሚያጸና እግዚአብሔር ለአረጋውያኑ ብርታትን፥ ለወጣቶቹም ርኅራኄን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።